ከዳታ ዌርሃውስ ወደ ሻጯ ስክሪን፦ ዳታን መልሶ ሥራ ላይ ማዋል

ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ የከብት መኖ ጅምላ አከፋፋይ እናስብ። ፉርሽካና ፋጉሎ ወደ ደብረ ሲና፣ ወደ መሐል ሜዳ፣ ወደ ሸዋ ሮቢት ይልካል። ጠዋት ስልክ ይጮኻል። "ፋጉሎ ገብቷል ወይ፣ የኔ ልጅ?" ይላሉ ከደብረ ሲና የሚደውሉ እናት። ሻጯ ሲአርኤሙን፣ ማለትም የደንበኞች መረጃ የሚያዝበትን ሲስተም፣ ትከፍታለች። የሚታያት ስምና ስልክ ቁጥር ብቻ ነው። እኚህ ደንበኛ በየ15 ቀኑ ይገዙ እንደነበር፣ አሁን ግን ከገዙ 40 ቀን እንዳለፋቸው አታውቅም።

ዳታው ግን አለ። የሽያጩም የክፍያውም መረጃ በየሌሊቱ ዳታ ዌርሃውሱ (የየሲስተሙ ዳታ በአንድ ላይ የሚከማችበት ቋት) ውስጥ ይገባል። ሥራ አስኪያጁም ዳሽቦርዱን (ቁጥሮቹን ጠቅልሎ የሚያሳየውን ገጽ) አልፎ አልፎ ያየዋል። ስልክ የምታነሳው ልጅ ግን ደንበኛ እያስጠበቀች ዳሽቦርድ የምታገላብጥበት ጊዜ የላትም። ያን ያህል ተለፍቶበት የተሰበሰበ ዳታ ለሚያስፈልገው ሰው ሳይደርስ ሲቀር በጣም ይቆጨኛል።

ዳታን ከዌርሃውስ አውጥቶ ሠራተኛው ወደሚውልበት ሲስተም መመለስ ሪቨርስ ኢቲኤል ይባላል። የተለመደው ኢቲኤል ከየሲስተሙ ቀድቶ ወደ ዌርሃውስ ያስገባል፤ ይሄ የመልስ ጉዞው ነው። እንዴት እንደሚሠራ በቅደም ተከተል እንየው።

1. አንድ ጥያቄ ምረጡ

"ዳታውን ሁሉ እንላክ" ብላችሁ አትጀምሩ። ሻጯ ጎን ግማሽ ቀን ተቀመጡ። ስልክ ይዛ ሳለ ምን ብታውቅ ሥራዋ ይቀናት ነበር? በእኛ ምሳሌ መልሱ አንድ ነው፦ "ይህ ደንበኛ ከለመደው ጊዜ በላይ ጠፍቷል ወይ?" ለዚህ ሦስት ኮለም ይበቃል፤ የመጨረሻ ግዢ ቀን፣ በስንት ቀን እንደሚገዛ፣ እና "ጠፍቷል" ወይም "አልጠፋም" የሚል ምልክት።

2. ሰንጠረዡን ዌርሃውስ ውስጥ ጨርሱ

ለአንድ ደንበኛ አንድ መስመር ብቻ ይኑር። ስሌቱን ሁሉ እዚያው በኤስኪውኤል (በዳታ መጠየቂያ ቋንቋው) ሥሩት፤ መላኪያው ላይ ሌላ ስሌት አትጨምሩ። "ጠፍቷል" ማለት ምን እንደሆነ ከሻጮቹ ጋር ተስማሙና በአንድ ቦታ ጻፉት። ለምሳሌ ከለመደው ጊዜ እጥፍ ካለፈ ጠፍቷል እንበል።

3. ደንበኛውን ከራሱ ጋር አገናኙት

ትልቁ ልፋት እዚህ ነው። ሌላውን በሁለት ቀን ብትጨርሱ ይሄኛው ሳምንት ይወስዳል፤ ግን አትሰልቹ።

ስልክ ቁጥርን ውሰዱ። አንዱ ሲስተም ላይ በ09 ይጀምራል፣ ሌላው ላይ በ+251። በኤክሴል ያለፈው ደግሞ የፊት ዜሮው ጠፍቶ በ9 ይጀምራል። ስለዚህ ከቁጥር ውጭ ያለውን ሁሉ አውጡ፣ የመጨረሻዎቹን 9 አሃዞች ውሰዱ፣ ከፊት 251 ጨምሩ። ዘጠኙ አሃዝ በ9 ወይም በ7 ካልጀመረ ሞባይል አይደለምና ለብቻ አስቀምጡት።

ስም ይብሳል። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ ለኛ አንድ ሰው ናት፤ ለኮምፒውተሩ ሦስት ሰዎች ናቸው። ለማመሳከሪያ ብቻ የሚሆን ሌላ ኮለም ሥሩና ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ቀይሩ። ሃ እና ኣንም አትርሱ። የሰውየው ስም በስክሪን ላይ ግን ራሱ እንደጻፈው ይቆይ። ስሙ የራሱ ነው።

ባልና ሚስት በአንድ ስልክ ስለሚጠቀሙ ስልክም ብቻውን አይበቃም። አንዴ በስልክና በስም ካመሳከራችሁ በኋላ ሲአርኤሙ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የሰጠውን መለያ ቁጥር ወደ ዌርሃውስ አምጡት። ከዚያ ወዲያ በዚያ መለያ ብቻ ሥሩ።

4. አዲስ ፊልድ ክፈቱ

ሲአርኤሙ ላይ ለሦስቱ ኮለሞች አዲስ ፊልድ (መረጃ የሚቀመጥበት ሳጥን) ፍጠሩ፤ ሻጮች እንዲያነቡት እንጂ እንዳይጽፉበት ቆልፉት። እነሱ በሚጽፉበት ፊልድ ላይ ደግሞ ከዌርሃውስ ምንም አትላኩ። እኔ አንድ ጊዜ የማስታወሻውን ፊልድ ከሚላከው ዝርዝር ሳላወጣ ቀረሁ። ዌርሃውሱ ውስጥ ባዶ ስለነበር ሻጮች ለወራት የጻፉት ማስታወሻ በባዶ ተተካ። ከባክአፕ እስክመልሰው ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ የሰው ልፋት ነውና እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

5. መላኪያውን ምረጡ

ሃይታችና ሴንሰስ ለዚሁ ሥራ የተሠሩ መሣሪያዎች ናቸው። ደንበኞቻችሁ ጥቂት መቶ ከሆኑ ግን በክሮን (በተወሰነ ሰዓት ሥራን በራሱ በሚያስነሳ ፕሮግራም) የሚሄድ አጭር የፓይተን ስክሪፕት ይበቃል ባይ ነኝ። ሲአርኤሙ በኤፒአይ (ሌላ ፕሮግራም ዳታ በሚልክበት በር) ስንት መስመር በአንዴ እንደሚቀበል አስቀድማችሁ እዩ፤ ከታወቁት ሲአርኤሞች ሃብስፖት የደንበኛ መረጃን በአንድ ጥሪ እስከ 100፣ ሴልስፎርስ ብዙ መስመር በአንዴ በሚቀበለው የኮሌክሽን ጥሪው እስከ 200 ይቀበላል። ከተፈቀደው ፍጥነት ካለፋችሁ ብዙውን ጊዜ 429 የሚል የስህተት መልስ ይመጣል። ያኔ ጠብቆ እንደገና የሚሞክር አድርጉት።

የተለወጠውን ብቻ ላኩ። የትናንቱን ሰንጠረዥ ቅጂ ያዙና ከዛሬው ጋር አወዳድሩ። መብራት ወይም ኢንተርኔት መሃል ላይ ቢቋረጥም ከመጀመሪያው መድገም ጉዳት እንዳይኖረው፣ አላላኩ "ካለ አድስ፣ ከሌለ እለፈው" ይሁን። በየድግግሞሹ አዲስ ደንበኛ የሚፈጥር ከሆነ በሳምንት ውስጥ ሲአርኤሙ ይዝረከረካል።

6. ሰዓቱንና ቀኑን ተጠንቀቁ

ሰርቨሮች ብዙውን ጊዜ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ይሠራሉ፤ እኛ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። በላዩ ላይ ሰዓት አቆጣጠራችን ይለያል። ሱቁ ጠዋት 2 ሰዓት ከተከፈተ፣ ሥራው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ይሂድ። ይህ በዩቲሲ 02:00 ነው። ቀንን በዴት ፊልድ ስትልኩ በፈረንጅ አቆጣጠር ላኩ፤ ለሻጯ ግን በኛ አቆጣጠር የተጻፈ ሌላ የጽሑፍ ፊልድ ጨምሩላት። መስከረም 1 ቀን 2018 በዴት ፊልዱ 2025-09-11 ተብሎ ይገባል።

7. በ10 ደንበኛ ሞክሩ

መጀመሪያ 10 መስመር ብቻ ላኩ፤ እያንዳንዱን ከደረሰኝ ጋር አስተያዩ። ልክ ከሆነ ሁሉንም ልቀቁ። ከዚያ በየጠዋቱ ስንት እንደተላከ፣ ስንት እንዳልተሳካ በቴሌግራም የሚነግራችሁ ቦት አድርጉ። ዜሮ ከተላከ ሱቁ ሳይከፈት ማወቅ አለባችሁ።

የግል መረጃ ጉዳይም አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷልና የደንበኛን መረጃ ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ አታሰራጩ። ሹፌሩ የማድረሻ አድራሻ ይበቃዋል፤ የዕዳ መጠን ማየት የለበትም።

8. ተመልሳችሁ ሻጯ ጋ ተቀመጡ

ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ጎኗ ተቀመጡ። ዓይኗ አዲሱ ፊልድ ላይ ያርፋል? ካላረፈ ቦታውን ወደ ላይ አምጡት፤ አሁንም ካላየችው አጥፉትና ሌላ ጥያቄ ምረጡ። ስልኩ ጮኾ ከደብረ ሲና ያሉት እናት ሲሆኑ፣ "እማማ፣ ምነው ጠፉ? ከብቶቹ ደህና ናቸው?" ብላ ከጠየቀች፣ ቀጣዩን ኮለም መጨመር ትችላላችሁ።