ርካሹን የጊታር ኦቨርድራይቭ ከውዱ ጋር እንዴት እናወዳድር?

ኦቨርድራይቭ የጊታርን ድምፅ የሚያሻክር፣ በእግር የሚረገጥ ትንሽ መሣሪያ ነው። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ክሎን ሴንታውር ዛሬ ሁለተኛ እጁ በሺዎች ዶላር ይሸጣል። የእሱን ሰርኪዩት ተከትሎ የተሠራው የኤሌክትሮ ሃርሞኒክስ ሶል ፉድ ግን መቶ ዶላር አካባቢ ነው። ታዲያ ልዩነቱ ይሰማል?

መጀመሪያ የሁለቱን ድምፅ እኩል አድርጉ። ይቺን የሚዘል ብዙ ነው፤ ጆሯችን ትንሽ ጮክ ያለውን ሁሉ «ይሄ ይሻላል» ስለሚል፣ ሳይታወቀን የምናወዳድረው ጩኸትን ይሆናል። ቁልፎቹን በጆሮ እንጂ በዓይን አታስተካክሉ፤ አንዱ ግማሽ ላይ፣ ሌላው ሩብ ላይ ቢቆም ግድ የለም። ከዚያ ዞር በሉና ጓደኛ እየቀያየረላችሁ ያንኑ የትዝታ ሐረግ ደጋግሙ። እኔ እንዲህ ሞክሬ ሁለቴ ርካሹን መርጬ አፍሬያለሁ፣ ያውም ስፎክር ቆይቼ!

የጊታሩን ቮልዩም ቀነስ አድርጋችሁም ስሙ፣ ድምፁ እየጠራ ካልመጣ ይቅርባችሁ። በመጨረሻ ከድራምና ከቤዝ ጋር ሞክሩት።