«ሌዘር ይሻለኛል ቦቶክስ?»፦ ለፊት እርጅና ሕክምና ስንመርጥ የምንሳሳተው

ባለፈው ወር አንዲት እናት የልጃቸው ሰርግ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው መጡ። ወንበሩ ላይ ሳይደላደሉ፣ «ዶክተር፣ ሌዘር ይሻለኛል ቦቶክስ?» አሉኝ። መስታወት ሰጥቼ ያስከፋዎትን በጣትዎ ያሳዩኝ አልኳቸው። ጣታቸው ጉንጫቸው ላይ ያለው ማዲያት ላይ አረፈ። ማዲያትን ቦቶክስ አይነካውም፤ ሌዘር ደግሞ በእኛ ቆዳ ላይ ብዙ ጊዜ ያባብሰዋል።

የሁሉም ስህተት መነሻ ይኸው ነው፤ በሽታውን ሳያውቁ የመድኃኒቱን ስም ይዞ መምጣት። ፊት በአንድ መንገድ ብቻ አያረጅም። ስንኮሳተር በቅንድባችን መሃል የሚሰመረው መስመር የጡንቻ ሥራ ስለሆነ ጡንቻውን የሚያላላው ቦቶክስ ይሠራለታል። ከአፍንጫ ወደ አፍ የሚወርደው እጥፋት በአብዛኛው የጉንጭ ሙላት ከመቀነሱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ እዚያ ፊለር፣ ማለትም በመርፌ የሚገባ ሙሌት፣ ይታሰባል። ጥቁር ቆዳ ላይ ግን ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን ስለሚከላከልልን ሽብሽቡ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። የእኛ ዕድሜ መጀመሪያ የሚታየው በቀለም ነው፤ ፊት ይዥጎረጎራል፣ ዓይን ሥርና ጉንጭ ላይ ትናንሽ ጥቁር እብጠቶች ይወጣሉ። እነዚህ እብጠቶች ብዙ ጊዜ ከቤተሰብ የሚወረሱና ጉዳት የሌላቸው ናቸው። በክሬም አይጠፉም፤ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ሰንስክሪን ሳይቀቡ ሌላ ሕክምና መጀመር ትርፉ ድካም ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው የተቀመጠችው፤ 1,000 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር የፀሐይዋ ጎጂ ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ብርዱ ነው የሚያታልለን። ኤስፒኤፍ 30 እና ከዚያ በላይ ይሁን፤ ማዲያት ያለበት ሰው ደግሞ ቀለም ያለውን ቢመርጥ ይሻለዋል፣ የሚታየውንም ብርሃን ይከላከልለታልና።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ፤ ሚክስ።

ከቦርሳ ይወጣል፣ በፌስታል ተጠቅልሏል። ጽሑፍ የሌለው ነጭ ዕቃ፣ ውስጡ ቢጫ ቅባት። «ምንድን ነው?» ስል መልሱ ሁሌም አንድ ነው፦ «ሚክስ ነው፤ ሳሎን የምታሠራኝ ልጅ ናት የቀመመችልኝ።» ብዙውን ጊዜ ውስጡ ክሎቤታሶል ነው፣ ከሚቀቡ ስቴሮይዶች ሁሉ ኃይለኛው። እኛ ለከባድ የቆዳ በሽታ፣ ለጥቂት ሳምንት፣ ያውም ከፊት ውጪ የምናዘው መድኃኒት። በመጀመሪያው ሳምንት ፊት ይጠራል፣ ይለሰልሳል፣ ጎረቤት ሁሉ «ምን ተቀባሽ?» ይላል። ደም ሥር ስለጠበበና ቁጣው ስለታፈነ ነው እንጂ ወጣትነት ተመልሶ አይደለም። ከወራት በኋላ ቆዳው ይሳሳል፣ ቀያይ ደም ሥሮች ይታያሉ፣ ብጉርና ጸጉር ይወጣል። ሽብሽብ ለማጥፋት የተገዛው ቅባት ቆዳን አጥብቆ የሚይዘውን ኮላጅን እያመነመነ ያስረጃል! ቆዳ የሚያነጣው ሃይድሮኪኖን ካለበትና ለዓመታት ከተቀቡት ደግሞ ሰማያዊ ጥቁር የሆነ፣ በሕክምና እንኳ በቀላሉ የማይለቅ ጥቁረት ሊያመጣ ይችላል። ሜርኩሪ ያለበት ኩላሊት ድረስ ይሄዳል። «ሳቋርጠው ፊቴ ይቆጣል» የሚሉኝን አምናቸዋለሁ፤ ስቴሮይድ ሲለቅ እንደዚያ ነው። ስለዚህ በራሳችሁ ድንገት አትጣሉት፤ ዕቃውን ይዛችሁ ቆዳ ሐኪም ዘንድ ኑ። አልቆጣም። እሺ፣ ትንሽ እቆጣለሁ።

የሌዘር ነገር። እ.ኤ.አ. በ1975 ፊትዝፓትሪክ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ቆዳ ለፀሐይ በሚሰጠው ምላሽ መመደብ ጀመረ፤ ዛሬ ምድቡ ስድስት ነው፣ አብዛኞቻችን ከአራት እስከ ስድስት እንወድቃለን። ብርሃኑ ሜላኒንን ስለሚፈልግ ለነጭ ቆዳ የተስተካከለ ማሽን የእኛን ሊያቃጥል ይችላል። አሜሪካ ያለች እህታችሁ የሥራ ባልደረባዋ ያሠራችውን ብትነግራችሁ ደስ ይበላችሁ፣ ግን አትከተሉ። 1064 ናኖሜትር ኤንዲያግ የሚባለው የሌዘር ዓይነት ጠልቆ ስለሚገባና ላይኛው ሜላኒን ብዙም ስለማይመጠው ለጥቁር ቆዳ ይሻላል። ማሽኑን ጠይቁ፣ መጀመሪያ ከጆሮ ሥር ትንሽ ቦታ ላይ እንዲሞከር ጠይቁ። ባለሙያው ከተቆጣ ውጡ።

እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ለአንዲት ሴት ግላይኮሊክ አሲድ ፒሊንግ፣ ማለትም የላይኛውን ቆዳ በአሲድ መላጥ፣ ሠራሁ፤ ማታ ማታ ትሬቲኖይን የሚባለውን የቫይታሚን ኤ ቅባት እንደምትቀባ ሳልጠይቃት። ቆዳዋ አስቀድሞ ሳስቶ ነበርና አሲዱ ከታሰበው በላይ ገባ። አራት ወር ሙሉ ጉንጯ ላይ ጥቁር ምልክት ይዛ እየመጣች፣ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ከዚያ ወዲህ «ምን ትቀቢያለሽ?» ሳልል እጄን አላነሳም፤ እናንተም ሳትጠየቁ ተናገሩ።

ስለ ትሬቲኖይን ካነሳሁ፦ ሦስተኛው ሳምንት ላይ «ፊቴን ላጠው» ብሎ የሚጥለው ሰው ብዛቱ! ይልጣል፣ የታወቀ ነው። አተር የምታህል፣ አንድ ቀን እየዘለሉ፣ ማታ። ውጤቱ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይፈልጋል። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ተዉት።

ፊለር ቤት ለቤት የሚወጋ ሰው አትጥሩ። ፊለሩ ደም ሥር ውስጥ ከገባ ቆዳ ሊሞት፣ ዓይንም ሊጠፋ ይችላል። ከመወጋታችሁ በፊት «ሃያሉሮኒዴዝ አላችሁ?» በሉ፤ የሃያሉሮኒክ አሲድ ፊለርን የሚያሟሟው እሱ ነው። ቆዳ ከነጣ ወይም ሕመሙ ከበረታ እስከ ነገ አይቆይም።

ቦቶክስ ሙሉ ውጤቱን ለማሳየት ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል፣ ከሦስት እስከ አራት ወር ይቆያል። ለዘጠኝ ቀን ሰርግ አይሆንም።

ለእኚያ እናት ቀለም ያለው ሰንስክሪን ጻፍኩና «ለሰርጉ ጥሩ ሜካፕ የምትሠራ ልጅ ይፈልጉ፤ እኔ ዘንድ ከመልሱ በኋላ ይምጡ» አልኳቸው። ቅር ብሏቸው ወጡ። በሁለተኛው ሳምንት ፎቶ ይዘው፣ እጃቸው ላይ ሂና እንዳለ፣ ተመልሰው መጡ።