ምጣድ ሲሰካ ብሬከር ለሚወርድባችሁ

ጅማ ላይ መስከረም ሲጠባ እረፍት የለም። ልጆች ትምህርት ይጀምራሉ፣ ዝናቡ ገና አላባራም፣ ቡናው መቅላት ሲጀምር ደግሞ የሥራው ሩጫ ስለሚብስ እኛ ቤት እንጀራ የሚጋገረው ሁሉም ሰው ማታ ሲገባ ነው። ምጣዱ ገና መጋል ሲጀምር ብሬከሩ ይወርዳል። ሊጡ ኩፍ ብሎ ይጠብቃል፣ የልጆቹ የቤት ሥራ በጨለማ ይቆማል። በጣም ያበሳጫል!

ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው። ምጣዳችን 3,500 ዋት ነው። ለ220 ቮልት ሲካፈል ወደ 16 አምፔር ይስባል። 2,000 ዋት የሆነው የውሃ ማፍያ ሌላ 9 ይጨምራል። ሁለቱም በአንድ መስመር 25 ይሆናሉ፣ ብሬከሩ ግን 20 ነው።

«ብሬከሩን ብቻ በትልቅ ቀይሩት» የሚል ምክር ትሰማላችሁ። እባካችሁ እንዳታደርጉት። ሽቦው ቀጭን ከሆነ ብሬከሩ ዝም ይላል፣ ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ግን እየጋለ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

እኛ ኤሌክትሪሺያን ጠርተን ከማከፋፈያው ቀጥታ ለምጣዱ ብቻ 6 ካሬ ሽቦ (6 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው) አስዘረጋን፣ የራሱ 25 አምፔር ብሬከርና የመሬት ሽቦ ያለው። ጠርዙ የጠቆረውን ሶኬትም አስቀየርን፣ ምክንያቱም የላላ ሶኬት ራሱ ይግላል። ሽቦው ትንሽ ወጪ አለው፣ ግን ይገባዋል። አሁን ምጣዱም ሻዩም እኩል ይሠራሉ። እናንተም ከማስዘርጋታችሁ በፊት ከቆጣሪው የሚመጣው ዋናው መስመር ጭነቱን መቻሉን በባለሙያ አሳዩ።