በቤት የሚሠራ የኮራል ገንዳ ዓለት፦ ከግንበኛ ልማድ የሚመጡ ስህተቶች

ከጅማ እስከ ባሕር ያለው መንገድ ረጅም በመሆኑ፣ በጨዋማ ውሃ የመስታወት ገንዳ ኮራል ለማሳደግ የሚነሣ ሰው ከባሕር የወጣ ዓለት ከሚጠብቅ ይልቅ በሲሚንቶ፣ በጠጠርና በጨው ራሱ ቢሠራ ይሻለዋል። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ሲሚንቶ ማቡካት የማያውቅ ሰፈር የለምና። ነገር ግን እኔ ራሴ ከፈጸምኳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የመነጩት ለግንብ የሚበጀው ለዓለቱም ይበጃል ብሎ ከማሰብ ነው። ግንበኛ ውሃ የማያስገባ ድፍን ነገር ይፈልጋል፤ እኛ ግን የምንሻው ውሃውና የገንዳውን ቆሻሻ የሚያጠራው ባክቴሪያ ውስጥ ለውስጥ የሚመላለሱበት፣ እንደ እንጀራ ዓይኑ የበዛ ነገር ነው።

ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣው ስህተት ውሃ ማብዛት ነው። ጨው የሚጨመረው ሲሚንቶው እስኪጠነክር ድረስ በፍሬው ቆይቶ፣ ኋላ ሲነከር ሟሙቶ በመውጣት ቀዳዳ እንዲተው ነው፤ ቡኮው ከቀጠነ ግን ጨው ገና በማለዳው ይሟሟና ዓለቱ ድፍንም ደካማም ሆኖ ይቀራል። እኔ የምጠቀመው 1 እጅ ሲሚንቶ፣ 2 እጅ ጠጠርና 2 እጅ ጨው ነው። ሲሚንቶውና ጠጠሩ በደረቁ ከተደባለቁ በኋላ ውሃው ጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል፣ ጨው በመጨረሻ ይገባል፤ ድብልቁም እንደ ጭኮ ሲጨብጡት ቅርጽ የሚይዝ፣ ሲጨምቁት ግን የማይንጠባጠብ መሆን አለበት። የወጥ ቤት ደቃቅ ጨው ቶሎ ስለሚሟሟ ፍሬው ትልቅ የሆነው ይመረጣል። ይህ ጨው ግን ቀዳዳ መሥሪያ ብቻ ነው። የባሕር ውሃ ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ሌሎችም ማዕድናት ስላሉት፣ በጅማው ሂርማታ ገበያ አሞሌው እንደ ገንዘብ ይመነዘር የነበረው የአፋር ጨው ብቻውን ለገንዳው ውሃ አይሆንም፤ ለዚያ ለኮራል ገንዳ ተብሎ የተዘጋጀ ጨው ያስፈልጋል።

የረዳኝ ግንበኛ በሲሚንቶው ላይ ጨው ስጨምር አይቶ፣ «ይህማ ፌሮ ይበላል» ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው፤ ስለዚህም በዓለቱ ውስጥ ፌሮም ሆነ የማሰሪያ ሽቦ አይግባ። ቅስት መሥራት የፈለገ በፒቪሲ ቱቦ ቁራጭ ይደግፈው። መዳብ ለኮራልና ለቀንድ አውጣ መርዝ በመሆኑ ከነጭራሹ መታሰብ የለበትም።

በእኛ አካባቢ ለየት ብሎ የሚያሳስተው ኖራ የሚለው ስም ነው። ለግድግዳ ቅብ የሚውለው የተቃጠለ ኖራ፣ የአሲዳማ መሬት ማከሚያ ሆኖ ለገበሬ የሚቀርበው የተፈጨ የኖራ ድንጋይ፣ ያልተፈጨውም ድንጋይ በአንድ ስም ይጠራሉ። የቅቡ ኖራ ጭራሽ አይሆንም፤ ከሲሚንቶው በሚወጣው ላይ ሌላ ኖራ ይጨምራል። የእርሻው በባሕርይው ተስማሚ ቢሆንም ዱቄት ስለሆነ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። የሚፈለገው ከሽምብራ እስከ ባቄላ የሚያህል የኖራ ድንጋይ ወይም የእብነ በረድ ጠጠር ነው። የእብነ በረድ ጠጠር ወለል ከሚሠሩ ባለሙያዎች ዘንድ አይጠፋም። ለማረጋገጥ አቼቶ ጠብ ማድረግ ነው፤ የኖራ ድንጋይና እብነ በረድ አረፋ ያወጣሉ፣ በየመንገዱ የሚራገፈው ጥቁር ድንጋይ ግን ዝም ይላል። የትኛውም ጠጠር ቀይ አፈሩ እስኪለቅ ይታጠብ።

ቀጥሎ ያለው ስህተት የተቀረጸውን ዓለት ደጅ መተው ነው። የጅማ ዝናብ በመጀመሪያው ሌሊት ጨውንም ሲሚንቶውንም አጥቦ ይወስዳል፤ ፀሐይ ደግሞ ሳይጠነክር ያደርቀዋል። በላስቲክ ወይም በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ ከ2 እስከ 3 ቀን ጥላ ውስጥ ይቆይ፣ ከዚያም በውሃ ይነከር፤ ሲሚንቶ የሚጠነክረው በመድረቁ ሳይሆን ከውሃ ጋር በመዋሐዱ ነውና መንከሩ አይጎዳውም። ፒፒሲ የሚባለው ሲሚንቶ ውስጡ ያለው ፖዞላና (እንደ እሳተ ገሞራ አመድ ያለ ዱቄት) ነፃውን ኖራ ስለሚይዝለት ለዚህ ሥራ ይመረጣል፤ ነገር ግን ቀስ ብሎ ስለሚጠነክር ከተራው ሲሚንቶ፣ ከኦፒሲ፣ ይልቅ ትዕግሥት ይሻል።

ዓሣና ቀንድ አውጣ የሚያስጨርሰው ስህተት ግን ሳይታጠብ መክተት ነው። ሲሚንቶ ሲጠነክር ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ማለትም ኖራ፣ ይለቃል፤ የአዲስ ኮንክሪት ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያው፤ ከ7 በላይ ሲሆን ኖራማ ነው) ከ12 እስከ 13 ሲደርስ፣ የኮራል ገንዳ ግን ከ8.1 እስከ 8.4 ብቻ ይፈልጋል። ስለዚህ ዓለቱ ውሃው በየጊዜው እየተቀየረ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይነከራል። እኔ ይህን ለማሳጠር በአቼቶ ዘፈዘፍኩት፤ በዚያው ቀን ብለካው 8.2 አሳየኝና ከተትኩት። በሦስተኛው ቀን ውሃው ከ9 አልፎ ቀንድ አውጣዎቹ ከመስታወቱ ረግፈው አገኘኋቸው። አቼቶ የሚያጸዳው ቆዳውን ነው፤ ከሆዱ ያለው ኖራ ቀስ እያለ ይወጣል። ትክክለኛው መለኪያ ዓለቱን በንጹሕ ውሃ ነክሮ ሳይነኩ 3 ቀን መተው፣ ዓለት የሌለበትን ተመሳሳይ ውሃም በሌላ ዕቃ አስቀምጦ የሁለቱን ፒኤች ማነጻጸር ነው። ልዩነት ከታየ ተመልሶ ይነከር።

ለመንከሪያ ከቆርቆሮ ጣራ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ መልካም ነው፤ ሆኖም አዲስ ቆርቆሮ ዚንክ ስለሚለቅ የመጨረሻዎቹ ንክሮች በተጣራ ውሃ ይሁኑ። ፀረ ተባይ ወይም ዘይት የነበረበት በርሜል አይነካ። ስታቦኩም ጓንት አጥልቁ፤ እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል።

በመጨረሻ ዓለቱን እንደ ግንብ አጠጋግቶ መደርደር ይቀራል፤ የግንበኛው ልማድ እዚህም ይከተለናል። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ዳር ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፤ በድንጋዮቹ መካከል ውሃ የሚያልፍበት ክፍተት ካልተተወ፣ ይልቁንም መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ሲቆም፣ ጉዳቱ ቶሎ ይታያል። አዲሱ ዓለት ገና ባክቴሪያ የለበትምና ከቆሻሻ የሚመጡት መርዞች፣ አሞኒያና ናይትራይት፣ ሁለቱም ዜሮ እስኪሆኑ ገንዳው እንስሳ ሳይገባበት ለሳምንታት ይቆይ። በዚያ ጊዜ የሚያለብሰው ቡናማ አልጌ ብዙዎችን አስደንግጦ ዓለቱን አውጥተው እንዲፈገፍጉት ያደርጋል፤ ባይነኩት ግን አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይለቃል።