ከባዱን ታሪክ ክፍል ውስጥ እንዴት ማስተማር ይቻላል? ከረባሾች ዝርዝር ጀምሩ

ዜግነትና ታሪክ ለምታስተምሩ፣ በተለይ እንደኔ ጎጃም ውስጥ ጠመኔ ለያዛችሁ ነው የምጽፈው። የሰብአዊ መብትን ምዕራፍ ማስጨረስ ቀላል ነው። ተማሪው ይሸመድዳል፣ ፈተና ላይ ይመልሳል፣ አለቀ። ጭንቁ የሚመጣው መብቱ የተነካው ሰው የአንዱ ተማሪ አያት፣ ከዚያ የተጠቀመው ደግሞ ከኋላው የተቀመጠችው ልጅ አያት ሲሆን ነው። እኔ ይህን የተማርኩት አንድ ልጅ ጎድቼ ነው። እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ፦ ከራሱ ከክፍሉ ተነሡ

በመጀመሪያው ቀን ሕገ መንግሥት ይዛችሁ አትግቡ። የረባሾችን ስም ዝርዝር ይዛችሁ ግቡ። የሌለበት ክፍል የለም። መምህር ሲዘገይ የክፍል አለቃው ብጣሽ ወረቀት ላይ ስም ይጽፋል፣ መምህሩ ሲመጣ ይሰጠዋል፣ ስሙ የተጠራው ወጥቶ ይንበረከካል። «ምን አድርገህ ነው?» የሚለው የለም። ወረቀቱን አሳዩአቸውና ሰሌዳ ላይ አራት ጥያቄ ጻፉ፦

ዝርዝሩን ማን ጻፈው?
ስሙ የተጻፈው ልጅ ተጠይቋል?
አልረበሽኩም ቢል አቤት የሚለው ለማን ነው?
ይህን የሚከለክል ደንብ አለ?

ከዚያ ዝም በሉ። አለቃ የተጣላውን እንደሚጽፍ፣ ጓደኛውን እንደሚሰርዝ፣ አንዳንዴ ስም የሚሰረዘው በእስክሪብቶ ጉቦ እንደሆነ ያን ቀን ትሰማላችሁ። እነዚህን አራት ጥያቄዎች ዓመቱን ሙሉ ስለምትጠቀሙባቸው በትልቅ ወረቀት ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፏቸው።

ሕገ መንግሥቱ የሚወጣው ከዚህ በኋላ ነው። ምዕራፍ 3 ከአንቀጽ 13 እስከ 44 ይሄዳል፤ ሁሉን ላንብብ ካላችሁ ክፍሉ ይተኛል። አንቀጽ 19 እና 20 ይበቃሉ። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ የሚለው፣ እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ንጹሕ ይቆጠር የሚለው፣ በጠበቃ መወከልና ይግባኝ ማለት። ተማሪዎቹ በራሳቸው አማርኛ ለእናታቸው እንደሚያስረዱ አድርገው ይጻፉት። «ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል ልጅ ሁሌም አለ። ለሱ አንድ ነገር ንገሩት፦ 30 አንቀጽ ያለው ሁሉን አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ ታኅሣሥ 1 ቀን 1941 ሲጸድቅ ድጋፍ ከሰጡት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት።

ቀጥሎ፦ ሩቁን አስቀድሙ

በላይ ዘለቀን ለጎጃም ልጅ ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ጣሊያንን አምስት ዓመት ተዋግቶ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በገዛ አገሩ መንግሥት እንደተሰቀለ ያውቃል። ብዙዎቹ የማያውቁት አብሮት የተሰቀለው ልጅ ማሞ የራስ ኃይሉ ልጅ እንደነበረ ነው። ራስ ኃይሉ ደግሞ በወረራው ዘመን ለጣሊያን ያደሩ ሰው ናቸው። ሰውን ሁሉ ጀግናና ባንዳ ብሎ ለሁለት የከፈለ ተማሪ እዚህ ጋ ቆም ይላል። ያ መቆም ነው የሚፈለገው። ቶሎ መልስ አትስጡት።

ከዚያ የ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ አመፅ። የእርሻ ገቢ ግብር ታወጀ፤ ገበሬው «መሬቴ ሊለካ፣ ርስቴ ሊወሰድ ነው» ብሎ ተነሣ፤ መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከበት። በኋላ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ውዝፉን ግብር ማሩ። ይህን ለማስተማር አያት መጠየቅ ይቻላል። ቁስሉ ጠግጓል፣ ልጆቹም ሲያወሩት ይኮራሉ።

ከባዱ፦ የ1989 የመሬት ሽግሽግ

እዚህ ላይ ነው የወደቅሁት።

ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፦ በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲደለደል በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ሹመት የነበረው «ቢሮክራት»፣ ከንጉሡ ዘመን ባላባት ጋር የተያያዘው «ቅሪት ፊውዳል» ተባለ። የእነዚህ ይዞታ ከ1 ሄክታር እንዳይበልጥ ተደረገ። ለሌላው ጣሪያው 3 ሄክታር ነበር። ትርፉ ተቆርሶ መሬት ለሌለው ተሰጠ። አንዱ ቤት ግፍ የሚለውን ሌላው ቤት ፍትሕ ይለዋል፣ ሁለቱም ቤቶች ልጆቻቸውን የሚልኩት ወደ አንድ ትምህርት ቤት ነው።

ማስተማር በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ «ስለ 89 ቤተሰባችሁን ጠይቃችሁ ኑ» አልኳቸው። ትልቅ ሐሳብ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ አንድ ልጅ ተነሥቶ የአያቱን ማሳ ታሪክ በደንብ አድርጎ አቀረበ፤ የግራር ዛፉን፣ የወሰን ድንጋዩን ሳይቀር። ሁለት ወንበር ከኋላው የተቀመጠች ልጅ ሳታስበው «ውይ፣ ያ የኛ ማሳ ነው» አለች። ክፍሉ ሳቀ። ልጁ ቁጭ አለ። ከዕረፍት በኋላ «ቢሮክራት» ቅጽል ስሙ ሆነ፣ ለአንድ ሳምንትም ከትምህርት ቀረ። ማክሰኞ ገበያ ላይ አባቱ አገኙኝና ድምፃቸውን ሳያነሡ፦ «መምህር፣ ልጁን የሰጠንዎ ፊደል እንዲቆጥር ነው። እኔና ጎረቤቴ በስንት ሽማግሌ የታረቅነውን እርስዎ በአንድ ክፍለ ጊዜ አፈረሱት» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ይቅርታ ጠየቅኳቸው፣ ቤታቸውም ሄጄ ልጁን ለመንኩት።

አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። ስለ ቅርብ ታሪክ ቤተሰብ ጠይቁ አልልም። ልጅ የቤተሰቡ ጠበቃም ተከሳሽም ሆኖ ክፍል ፊት መቆም የለበትም። በምትኩ ሁለት ሰዎችን ራሴ ፈጥሬ እገባለሁ፣ የፈጠራ እንደሆኑም እናገራለሁ። አንደኛው 2 ሄክታር የነበረው፣ በደርግ ጊዜ ለአንድ ዓመት ብቻ የገበሬ ማኅበር ገንዘብ ያዥ የነበረ ገበሬ ነው። ሁለተኛዋ ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ልጅ ያላት፣ እርፍ የምታሳርፍበት መሬት የሌላት ሴት ናት። ሁለቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰሌዳ ላይ፣ ጎን ለጎን መዋል አለባቸው። አንዱን ዛሬ ሌላዋን በሚቀጥለው ሳምንት ካላችሁ ክፍሉ ወገን ይዞ ይወጣል፣ ሳምንቱን ሙሉ ማንም አይመልሰውም።

ከዚያ ወደ ግድግዳው፣ ወደ አራቱ ጥያቄዎች። ዝርዝሩን ማን ጻፈው? ገበሬው ተጠይቋል? አቤት የሚለው ለማን ነው? ደንብ ነበረ? አራተኛው ላይ ሕገ መንግሥቱ ያኔ የሁለት ዓመት ዕድሜ እንደነበረው አስታውሱ። አንቀጽ 40 ገበሬ መሬት በነፃ የማግኘትም፣ ከይዞታው ያለመነቀልም መብት አለው ይላል። ሁለቱ ሰዎች በአንድ አንቀጽ ውስጥ ተቀምጠዋል ማለት ነው። ተማሪዎቹ እዚህ ሲደርሱ ጩኸቱ ይቀንሳል። «እሷ መሬት ማግኘት አለባት፤ እሱ ግን ሳይጠየቅ ስም መለጠፉ ልክ አይደለም» የሚል ልጅ ይነሣል። እስካሁን ሳይነሣ የቀረበት ክፍል አልገጠመኝም።

ድራማ አታሠሩ። አንዳንድ ሥልጠና ላይ «ሚና መጫወት» እየተባለ ይመከራል፣ ለምርጫ ወይም ለፍርድ ቤት ትምህርት ጥሩ ነው። ለዚህ ግን አይሆንም፤ ክፉውን የተጫወተ ልጅ ክፉውን ስም ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የቲክቶክና የቴሌግራም ቪዲዮም አይግባ። ጠመኔና አንድ ገጽ ጽሑፍ ይበቃሉ።

ቀይ ሽብር፣ እንዲሁም ሽማግሌ መጋበዝ

ቀይ ሽብርን ከአሥረኛ ክፍል በታች አላስተምርም። የምጀምረውም ከመጨረሻው፣ ከፍርድ ቤቱ ነው። በ1970 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ላይ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ 75 ወጣት እስረኞች ተገደሉ። የደርግ የጎጃም ተወካይ የነበረው እሸቱ ዓለሙ ታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ሄግ በሚገኝ የኔዘርላንድ ፍርድ ቤት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት፣ በ2014 ዓ.ም. ይግባኙም ውድቅ ሆነ። ተማሪዎቼን የምጠይቃቸው፦ እሱ ጠበቃ ነበረው? ነበረው። ይግባኝ አለ? አለ። 75ቱስ? ከዚያ በላይ አልናገርም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 እንዲህ ያለ ወንጀል በይርጋ አይታገድም፣ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብሎ ክሱ አይቀርም እንደሚል ግን አስነብባቸዋለሁ።

ሽማግሌ ከጋበዛችሁ አስቀድማችሁ ቤታቸው ሂዱ፣ ቡና ጠጡ፣ መናገር የማይፈልጉትን ጠይቁ። ሃያ ደቂቃ ይበቃል። በሕይወት ያለ ሰው ስም እንዳይጠሩ አደራ በሉ።

የዛሬው ጉዳይ ሲነሣ

መነሣቱ አይቀርም። በዚህ አገር ትምህርት ቤት ተዘግቶ የከረመበት ልጅ፣ ሌሊቱን ተኩስ ሲሰማ ያደረ ልጅ ነው ፊታችሁ የተቀመጠው። ማን ልክ እንደሆነ አትፍረዱ። ስም የሚጠራ ተማሪን በፍቅር አቋርጡት፤ እናንተ ብትረሱት እንኳ የሰማ ጆሮ አይረሳም። በመጀመሪያ እንቅልፍ እንደተኙ፣ ቁርስ እንደበሉ ጠይቁ። መናገር የሚፈልግ ደብተሩ ላይ ይጻፍና ራሱ ይዞት ይሂድ። አትሰብስቡት። ያንን ወረቀት ቦርሳችሁ ውስጥ ይዛችሁ መንገድ ላይ መገኘት ለእሱም ለእናንተም ጥሩ አይደለም።

ፈተናውን በተመለከተ፣ ምርጫ ብቻ ካወጣችሁ የለፋችሁበት ሁሉ ከንቱ ነው። ቢያንስ አንዱ ጥያቄ በአራቱ ጥያቄዎች የሚመረመር አጭር ታሪክ ይሁን።

ዘንድሮ የክፍላችን የረባሾች ዝርዝር ሁለት ዓምድ አለው። በግራ ስም፣ በቀኝ «ሲጠየቅ ምን አለ» የሚል። ባለፈው ሳምንት ዘግይቼ ስገባ አለቃዋ ወረቀቱን ሰጠችኝ። ሦስት ስም ነበረ። ከአንደኛው ትይዩ «አልረበሽኩም፤ ማስመሪያ ስጪኝ ብዬ ነው» ተብሎ ተጽፏል። ስሙን ራሷ ሰርዛዋለች።