የሰፈር ግድግዳ ሥዕል በአቡጀዲ ላይ፦ ከቤት የማይወጣውም እንዲስል

የሰፈር የሥዕል ቡድን «ሁሉም ይምጣ» ብሎ ሲጠራ የሚመጣው መሰላል መውጣት የሚችለው ነው። አልጋ ላይ የዋለው፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደው፣ በሽተኛ የሚያስታምመው ይቀራል። እንግዲያው ግድግዳውን ወደ እነሱ መውሰድ ነው፦ ሥዕሉ በአቡጀዲ ቁራጮች ተከፋፍሎ በየቤቱ ይሣላል፣ ከዚያ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ዘዴው አዲስ አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ለዘመናት በጥጥ ጨርቅ ላይ እየሣሉ ግድግዳ ላይ ለጥፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1984 የተጀመረው የፊላደልፊያ ከተማ የግድግዳ ሥዕል ፕሮግራምም ታራሚዎችን ያሳተፈው በቀጭን ጨርቅ ላይ እያሣለ ነው።

ግድግዳው። ጣሪያ ሥር ያለ ይሁን፤ አዳራሽ ወይም በረንዳ። ጥጥ ዝናብ አይችልም፣ ነጭ የእንጨት ኮላም ውሃ ሲነካው ይለቃል። ከምሽት እስከ ጠዋት አንድ ፌስታል ዙሪያውን በፕላስተር አሽገው ይለጥፉበት፤ በውስጡ ጠብታ ከታየ ሌላ ግድግዳ ይፈልጉ። በእጅ ሲታሽ ነጭ የሚያወጣ ኖራ ከሆነ ተፍቆ ይታጠብ። አዲስ ልስን አንድ ወር ይቆይ።

ሰዎቹ። ከቤት የማይወጣውን የሚያውቁት የእድር ሰዎችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። ለ4 በ2 ሜትር ግድግዳ 8 ቤት ይበቃል።

ጨርቁ። አቡጀዲውን በሙቅ ውሃና በሳሙና ይጠቡት። አሚዶው ካልለቀቀ ቀለም አይዝም፤ ሳይታጠብ የተቆረጠ ጨርቅ ደግሞ ኮላ ሲነካው ይሰበሰብና መገጣጠሚያው ይከፈታል። ከደረቀ በኋላ 106 በ106 ሴ.ሜ ይቁረጡ፦ 1 ሜትሩ ሥዕል፣ በየጎኑ 3 ሴ.ሜ ትርፍ። ወርዱ ካልደረሰ በስፌት አይቀጥሉት፣ ያብጣል፤ ግድግዳውን 80 ሴ.ሜ ወርድ ባላቸው 10 ቁራጮች ይክፈሉት። ላስቲክ ላይ ዘርግተው በቀጠነ ነጭ የውሃ ቀለም ሁለት እጅ ይቀቡ። የወፈረ ከሆነ ጨርቁ ሲጠቀለል ይሰነጠቃል።

ንድፉና ድንበሩ። ሥራው የሚበላሸው እዚህ ነው። ንድፉን 40 በ20 ሴ.ሜ ወረቀት ላይ ይሥሩ፤ በየ2 ሴ.ሜው መስመር ያስምሩ። 2 ሴ.ሜው በጨርቁ ላይ 20 ሴ.ሜ ይሆናል፣ እያንዳንዱ የ1 ሜትር ቁራጭም 25 ካሬ ይይዛል። ፊትና እጅ ድንበር ላይ እንዳይወድቁ ንድፉን ያንቀሳቅሱ። ከአንዱ ቁራጭ ወደ ሌላው የሚሻገር መስመር ሁሉ የሚሻገርበት ቦታ በሁለቱም ጨርቆች ላይ በቁጥር ይጻፍ፤ ለምሳሌ «ከታች 34 ሴ.ሜ»። በዓይን ግምት የተሠራ እንደሆነ ወንዙ ከአንዱ ጨርቅ ወጥቶ በሌላው ሰማይ ላይ ይፈስሳል። ትርፉ 3 ሴ.ሜም ይቀባ፣ የጎረቤቱን ሥዕል እንዲቀጥል።

ቀለሙን አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ይደባልቅ፤ 3 ሊትር ገደማ ለሁሉም ይበቃል። ሁለት ቤት የተደባለቀ አረንጓዴ ፈጽሞ አይመሳሰልም። በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ተከፋፍሎ ይታደል፣ ከየዓይነቱ ግማሽ ስኒ ለመጨረሻው ይቀመጥ። በየቅርጹ ውስጥ በቀለሙ ሃይላንድ ላይ የተጻፈው ቁጥርም የቀለም ጠብታም ይኑር፦ ቁጥሩ ቀለም ለማይለይ፣ ጠብታው ፊደል ላልቆጠረ።

ለሚተኛ ሰው ቁራጩን በ50 ሴ.ሜ ሥዕል፣ በየጎኑ ትርፉን ጠብቀው፣ ከፍለው ቀላል ኮምፔርሳቶ ላይ ይወጥሩት። ጣቱ ለማይጨብጥ የብሩሹን እጀታ በስፖንጅ ወይም በብስክሌት ጎማ ላስቲክ ያወፍሩት። ዓይነ ስውር ለሆነ ሠዓሊ ቅርጾቹን በሲባጎና በኮላ ይክበቧቸው፤ በጣቱ ዳሶ መሐሉን ይሞላል። ሲባጎው አይነሳም፣ ተመልካችም ይዳስሰዋል።

በጎበዝ ሠዓሊዎች ዘንድ የተለመደ መጥፎ ልማድ አለ፦ ጨርቁ ሲመለስ «ትንሽ ላስተካክለው» ብሎ እንደገና መቀባት። ባለቤቱ ሥራውን ሲያጣው በምረቃው ቀን አይመጣም። የሚነካው ድንበሩ ብቻ ነው።

መለጠፍ። አራት ሰው፣ ወደ 3 ኪሎ ኮላ። ለሦስት እጅ ኮላ አንድ እጅ ውሃ ጨምረው ግድግዳውንም የጨርቁን ጀርባም ይቀቡ። የመጀመሪያውን ቁራጭ በቱንቢ ያስተካክሉ፤ 1 ሴ.ሜ ካጋደለ እስከ ጥጉ እየባሰ ይሄዳል። የላይኛውን ጠርዝ አስይዘው አየሩን ከመሐል ወደ ዳር በስፓቱላ ያውጡት። የቀረ አየር በመርፌ ተወግቶ ይጫን። ሁለት ጨርቅ ሲደራረብ ተደራቢውን 6 ሴ.ሜ መሐል ለመሐል በአዲስ ከተር፣ ሁለቱንም በአንድ ምት ይቁረጡና ከላይም ከታችም ያለውን ትርፍ ያንሱ። ኮላው ሳይደርቅ ነው እንጂ በኋላ ጨርቁ ይቀደዳል።

በማግስቱ መገጣጠሚያውን በተቀመጠው ቀለም ይንኩት። የውሃ ቫርኒሽ ሁለት እጅ ይጨመርበት፤ የዘይቱ ነጩን ቢጫ ያደርገዋል።