ሲዲው ለምን እንቢ አለ? ከሊኑክስ ተርሚናል ሲዲ በርን ስናደርግ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ሰሞኑን ሂርማታ አካባቢ ሱቅ ያላቸው ጎረቤታችን ከዝናቡ ጋር እየተጋፉ ቤት መጡ። እጃቸው ላይ በላስቲክ የተጠቀለለ ሲዲ አለ። ገና ሳይቀመጡ፣ «ልጄ፣ ያ መንዙማ እኮ መኪናው ላይ ዝም አለ» አሉኝ። «ሀጂ፣ እኔ ጋ ሲሰራ ነበር» አልኳቸው። እውነትም ላፕቶፔ ላይ ይሰራል። ጥፋቱ ግን የኔ ነበር። ቆይቼ እመለስበታለሁ።

«በዚህ ዘመን ሲዲ?» የሚል አይጠፋም። ጅማ ውስጥ ግን ቴፑ ፍላሽ የማይቀበል መኪና ዛሬም አለ። እኔም ለሰፈሩ ሰው ሲዲ በርን የማደርገው (ባዶ ሲዲ ላይ የምጽፈው) ከሊኑክስ ተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ ከሚሰጥበት መስኮት ነው። በማውስ የሚሰሩት ፕሮግራሞች ሲበላሽባቸው «አልተሳካም» ብለው ዝም ይላሉ። ተርሚናል ይናገራል። እንዲያውም ያበዛዋል። ስለዚህ ኤረር ሲደረደር ከስር አታንብቡ። ወደ ላይ ውጡና መጀመሪያ የመጣውን ፈልጉ። የቀሩት የሱ ልጆች ናቸው።

የምጠቀመው ዎዲም የሚባለውን የሲዲ መጻፊያ ፕሮግራም ነው። ዴቢያን የሚባለውን ሊኑክስ የሚሰሩት ሰዎች በ2006 በፈቃድ ውል ጭቅጭቅ የተነሳ ሲዲሪከርድ ከሚባለው ከቀድሞው ፕሮግራም ገንጥለው ያወጡት ነው፤ ትእዛዞቻቸው ይቀራረባሉ። ትእዛዞቹን እዚህ የምጽፈው ለጓደኛዬ በስልክ እንደምነግረው ነው። ኪቦርዱ ላይ ስትጽፉ ያው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው።

ድራይቩ አልተገኘም፣ ወይም አልከፍትም አለ

መጀመሪያ ኤልኤስቢኤልኬ በሉ፤ የተሰኩትን ዲስኮችና ድራይቮች ይዘረዝራል። ኤስአር ዜሮ የሚል መስመር (የሲዲ ድራይቩ ስም ነው) ካልመጣ ዎዲምን አትውቀሱ፤ ነገሩ ከኬብል ወይም ከድራይቩ ነው። በዩኤስቢ የሚሰኩት ስስ ድራይቮች አንዳንዴ ከአንድ ቀዳዳ የሚያገኙት ኃይል አይበቃቸውም። ኬብሉ ሁለት ጭንቅላት ካለው ሁለቱንም ሰኩ።

መስመሩ እያለ «ፐርሚሽን ዲናይድ» ካለ፣ ስማችሁ ሲዲሮም የሚባለው ግሩፕ ውስጥ የለም ማለት ነው። ሱዶ አድዩዘር ብላችሁ የራሳችሁን ስም፣ ቀጥሎ ሲዲሮም ጻፉ። ከዚያ ሎግአውት አድርጋችሁ ግቡ። ተርሚናሉን ዘግቶ መክፈት ብቻ አይበቃም።

«ዲቫይስ ቢዚ» ካለ ዴስክቶፑ ቀድሟችሁ ዲስኩን ከፍቶታል። ዩማውንት አድርጉት፣ ማለትም ከሲስተሙ አላቁት። ልብ በሉ፣ ትእዛዙ ላይ ከዩ ቀጥላ የምትጠብቋት ኤን የለችም። እኔን አንድ ማታ ሙሉ አናዳኛለች።

ስለ ሚሞሪ ሎክ የሚያወራ ማስጠንቀቂያም ይመጣል። ያስደነግጣል እንጂ ምንም አያመጣም፤ እለፉት።

ይጀምርና መሀል ላይ ይሞታል

ብዙ ባዶ ሲዲ የሚበላው ይሄ ነው። ምክንያቱም አንድ አይደለም።

ከመጀመሪያው «ፓወር ካሊብሬሽን» የሚል ኤረር ከመጣ ነገሩ እንዲህ ነው። ድራይቩ ከመጻፉ በፊት የዲስኩ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ጨረሩን ይሞክራል። ለዚህ ዲስክ ስንት ኃይል እንደሚበቃ የሚለካው እዚያ ነው። ልኬቱ ካልሆነለት ይተወዋል። ወይ ዲስኩ ተራ ነው፣ ወይ ሌንሱ ቆሽሿል፣ ወይ ሌዘሩ ደክሟል። ለመለየት የሌላ ብራንድ ዲስክ ሞክሩ። በሁለት ብራንድ እንቢ ካለ ድራይቩን ጠርጥሩ። «ግን እኮ ያነባል!» አትበሉ። ለመጻፍ የሚያስፈልገው የጨረር ኃይል ለማንበብ ከሚበቃው እጅግ ይበልጣል። የደከመ ሌዘር ለወራት እያነበበ መጻፍ ሊያቅተው ይችላል።

ሌንስ ስታጸዱ የጥጥ ጫፍ ላይ ትንሽ አይሶፕሮፒል አልኮል አድርጋችሁ ሳትጫኑ ነው። አንድ ጓደኛዬ በሽቶ ወልውሎት ድራይቩ ጥሩ መሽተት ጀመረ፤ መጻፉን ግን እስከ ዛሬ አልጀመረም።

ከተጋመሰ በኋላ «ሚዲየም ኤረር» የሚል ከመጣ ደግሞ መጀመሪያ ፍጥነቱን እዩ። ዲስኩ ላይ 52 የሚለው ጉራ ነው ባይ ነኝ። አንድ እጥፍ ማለት በሰከንድ 150 ኪሎባይት ነው። 52 ሲሆን 7.8 ሜጋባይት ይደርሳል፤ እሱም ብዙውን ጊዜ ጨረሩ የዲስኩ ዳር ሲደርስ ብቻ። እኔ ስፒድ እኩል ይሆናል 16 እላለሁ። ሙሉው የ80 ደቂቃ ሲዲ በ16 እጥፍ 5 ደቂቃ ይፈጅበታል። አንድ ስኒ ቡና ሳይበርድ ያልቃል። በጣም ዝቅ ማድረግም መድኃኒት አይደለም፤ ብዙ ዲስኮች ለ1 ወይም ለ2 እጥፍ የተሰሩ አይደሉም።

ሦስተኛው ምክንያት ምንጩ ነው። ፋይሉን ከፍላሽ ላይ በቀጥታ አትጻፉ። በ16 እጥፍ በሰከንድ 2.4 ሜጋባይት ሳይቋረጥ መድረስ አለበት። የድሮው ዩኤስቢ 1.1 ቀዳዳ በሰከንድ 1.5 እንኳ አይሞላም። ፋይሉን መጀመሪያ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጡ። ድራይቨርኦፕትስ እኩል ይሆናል በርንፍሪ ጨምሩበት፤ ዳታው ሲዘገይ ድራይቩ ቆሞ ይጠብቃል።

ከሁሉ በፊት ግን ሰረዝ ዳሚ የምትባል ነገር አለች። ጨረሩን ሳያበራ ሁሉንም እንደሚጽፍ ሆኖ ይለማመዳል። የዲስኩን ጥራት አትነግራችሁም። ፍጥነቱንና ምንጩን ግን ባዶ ሲዲ ሳታቃጥሉ ትፈትሻለች።

አራተኛው ምክንያት መብራት ነው። መሀል ላይ ከሄደ ሲዲ-አር (አንዴ ብቻ የሚጻፍበት) አለቀለት፤ የስኒ ማስቀመጫ ይሆናል። ሲዲ-አርደብሊው (እየተጠረገ ደግሞ የሚጻፍበት) ከሆነ ብላንክ እኩል ይሆናል ፋስት ብላችሁ አጽዱት። እሱ እንቢ ካለ ፋስት የሚለውን በኦል ተኩ። ይቆያል፣ ግን ብዙ ጊዜ ያድነዋል። እኔ ባትሪው ግማሽ ካልሞላ አልጀምርም።

ላፕቶፕ ላይ ይሰራል፣ መኪና ላይ ዝም ይላል

ወደ ሀጂ ሲዲ እንመለስ። መንዙማዎቹን በኤምፒስሪ ፋይልነታቸው ነበር የጻፍኳቸው። ላፕቶፕ ያነባቸዋል። የቆየ የመኪና ቴፕ ግን የሚያውቀው የኦዲዮ ሲዲን ብቻ ነው፤ ፋይል የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም።

መፍትሄው እያንዳንዱን በኤፍኤፍኤምፔግ ወደ ዌቭ መለወጥ ነው። ናሙናው በሰከንድ 44,100፣ 16 ቢት፣ ስቴሪዮ ይሁን። ከዚያ ዎዲምን ሰረዝ ዲኤኦ (ሙሉ ዲስኩን በአንድ ጊዜ ጻፍ ማለት ነው)፣ ሰረዝ ኦዲዮ፣ ሰረዝ ፓድ ብሎ ፋይሎቹን በተርታ መስጠት። እዚህ ላይ ሜጋባይት አትቁጠሩ። የሚቆጠረው ደቂቃ ነው፤ 80 ሲሞላ በቃ። የሀጂ 60 መንዙማ አንድ ሲዲ ላይ አልገባም ብሎ እሳቸውን ማሳመን ከበርኑ በላይ ጊዜ ወሰደብኝ።

ኦዲዮም ሆኖ ዝም ካለ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ሰረዝ ኖፊክስ ብላችሁ ከሆነ ዲስኩ አልተዘጋም። ሰረዝ ፊክስ ይዘጋዋል። ሁለተኛ፣ ዲስኩ አርደብሊው ከሆነ ለድሮ ቴፕ አይሆንም። ከተራ ሲዲ በጣም ያነሰ ብርሃን ነው የሚመልሰው፣ ደካማ ዓይን አያየውም።

የፋይሎቹ ስም ሰረዝ ብቻ ሆነ

ፋይሎቻችሁን በአማርኛ ሰይማችሁ ዲስኩ ላይ የስር ሰረዝና ቁጥር ብቻ ካገኛችሁ፣ ጄንአይሶኢሜጅ (ፋይሎቹን ለሲዲ ወደ አንድ አይሶ ኢሜጅ የሚጠቀልለው ፕሮግራም) የድሮውን ሕግ ተከትሏል። በዚያ ሕግ ስም 8 ፊደል ነው፣ እሱም በእንግሊዝኛ ካፒታል። ሰረዝ ጄ እና ሰረዝ አር ጨምሩ፤ ሁለቱም በትልቁ ፊደል። ጄዋ ለዊንዶውስ ናት፣ አሯ ለሊኑክስ። ሰረዝ ኢንፑት-ቻርሴት ዩቲኤፍ-8 የሚለውንም አትርሱ። ያኔ ግእዙ ፊደል እንዳለ ይወጣል። ጄ ግን ከ64 ፊደል በላይ ስም አይወድም።

በዚሁ መንገድ የሚመጣ ሌላ ስህተት አለ። ዲስኩን ስትከፍቱ ውስጡ አንድ የአይሶ ፋይል ብቻ ተቀምጦ ካገኛችሁ፣ ያለቀለትን ኢሜጅ እንደገና ጠቅልላችሁታል። አይሶ ካላችሁ ጄንአይሶኢሜጅ አያስፈልግም። በቀጥታ ለዎዲም ስጡት።

ተሳክቷል ብሎ ስፈትሸው መጨረሻ ላይ ኤረር

ለመፈተሽ ዲስኩን በዲዲ፣ ማለትም ዳታን እንዳለ በሚገለብጠው ትእዛዝ፣ መልሳችሁ ስታነቡ ጫፉ ላይ «ኢንፑት አውትፑት ኤረር» ቢል ዲስኩን አትጣሉ። ትራክ በትራክ ሲጻፍ መጨረሻ ላይ የማይነበቡ ሁለት ብሎኮች ይተርፋሉ። ዲዲ ያን ነክቶ ነው የሚጮኸው። አይሶሳይዝ ሰረዝ ዲ 2048 ብላችሁ ድራይቩን ጨምሩ፤ የብሎኩን ብዛት ይነግራችኋል። ለዲዲ ቢኤስ 2048 እና ካውንት ያንኑ ቁጥር ስጡት። የሚወጣው ኤምዲ5 (የዳታው የጣት አሻራ በሉት) ከአይሶው ጋር አንድ ከሆነ ዲስኩ ደህና ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ሰረዝ ዲኤኦ ብላችሁ ብትጽፉ ሁለቱ ብሎኮች አይመጡም።